ጥፍር የምታክል ንብረት

«ሌባ ናት አላልሁም፣ ክቡርነትዎ፤ ከአፌ እንዲያ ያለ ቃል አልወጣም» አለ ሀብተ ሚካኤል ከግድግዳው ማዶ። «ዕቃው በእጇ ነበር፤ በእጇ እንዳለ ጠፋ። የቀረውን ሕግ ይጨርሰዋል።»

ወርቄ ከግድግዳው ወዲህ ጫማዋን ልታጠልቅ እንዳጎነበሰች ቀረች። ግድግዳው ግድግዳ ከተባለ ነው። እናታቸው ያረፉ ጊዜ ቤቱን ለእህትና ለወንድም ለመክፈል በሦስት ቀን የቆመ የባሕር ዛፍ አጠናና ጭቃ ሲሆን፣ በሷ በኩል ጋዜጣ ተለጥፎበታል፣ በሱ በኩል ኖራ ተቀብቷል። ኖራ ደግሞ ድምፅ አያግድም። ወንድሟ ሲያስነጥስ እሷ «ይማርህ» ትላለች፤ እሷ ጋዜጣውን በጣቷ እየተከተለች ፊደል ስትቆጥር እሱ ከማዶ «ኧረ እታለም፣ ጆሯችን ደከመ» ይላል። ዛሬ ግድግዳው ያሻገረው ወሬ የልጇ ነበር። በስልክ ነው የሚያወራው። ከማን ጋር እንደሆነ ለማወቅ መድከም አላስፈለጋትም፤ ሀብተ ሚካኤል «ክቡርነትዎ» የሚለው በከተማው አንድ ሰውን ብቻ ነው፤ የማዕከሉን ኃላፊ አቶ ልደቱን። የቀረውን የደባርቅ ሰው ሁሉ አንተና አንች ይለዋል፣ ሽማግሌም ቢሆን።

የጎልማሶች ንባብ ማዕከሉ ወርቄን ጨምሮ ሃያ ሦስት ሰው ይዞ ስምንት ወር አስተምሯል። ይሁንና አልተመረቀምና በትምህርት ቢሮው ዓይን ገና አልተወለደም። የሚወለደው ዛሬ ዓርብ፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ከጎንደር የሚመጡ እንግዶች ሪባን ሲቆርጡ ነው። ለዚህ ሪባን ሲባል አጥሩ ቀለም ተቀባ፤ ስምንት ወር ሙሉ በጆንያ ተጋርዶ የኖረው ሽንት ቤት በር ተገጠመለት፤ ተማሪዎቹ እንደ ሕፃን በመስመር ቆመው ለቲሸርት ተለኩ። ሁሉም ሲሟላ አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ ዋናው። በትልቁ ስክሪን ላይ ፊደሉን እያወጣች፣ በድምፅም እያነበነበች የምታስተምራቸው ኮምፒውተር ከረቡዕ ጀምሮ አልነሳ አለች።

ኮምፒውተር ሲሉ የሰው ሐሳብ ወደ ትልቅ ዕቃ ይሄዳል። ይች ግን አንድ ሳሙና አታክልም፤ ከስክሪኑ ጀርባ በሁለት ብሎን ታስራ የምትኖር ናት። በጎኗ ጥፍር የምታክል ሚሞሪ ትገባባታለች። ፊደሉም፣ ድምፁም፣ መነሳቱ ራሱም ያለው እዚያች ሚሞሪ ላይ ነው። ረቡዕ ጠዋት የትናየት ክፍሉን ከፍታ ስታይ የሚሞሪዋ ቦታ ባዶ ነበር። የትናየት የወርቄ ልጅ ናት፤ በቴክኒክና ሙያ ኮምፒውተር ተምራ፣ በየሦስት ወሩ በሚታደስ ውል ማዕከሉን ታገለግላለች። የክፍሉ ቁልፍ ያለው በሁለት ሰው እጅ ነው፤ በሷና በንብረት ኃላፊው። ንብረት ኃላፊው ሀብተ ሚካኤል ነው። ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ተጠርጣሪ፤ ቢሮው ነገሩን ያጣራው በዚህ መልኩ ነው።

ወርቄ ጫማዋን ሳታስር ወጣች። ልጇን ያገኘቻት በማዕከሉ ጓዳ፣ የተሰበረ ወንበር በተቆለለበት ጥግ፣ ባዶ ወረቀት ፊቷ ተዘርግቶ ነበር። «የጥፋት ማብራሪያ» ጻፊ ብለዋት ከጠዋት ጀምሮ ከቅጥሩ እንዳትወጣ አድርገዋታል። ርእሱን ራሳቸው ጽፈው ነው የሰጧት፤ ጥፋቱን ብቻ እሷ ትሙላው።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልተገኘ ለፖሊስ ይጻፋል አሉ። ውሌም እዚያው ላይ ያበቃል» አለች የትናየት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማ፣ እኔ ግን ላስነሳት እችላለሁ።»

ከአንገቷ ክር ፍላሽ አወጣች። ባለፈው ወር መብራት እየሄደ እየመጣ ሲያስቸግር፣ ሚሞሪዋ አንድ ቀን መቃጠሏ አይቀርም ብላ ፈርታ፣ ያለውን ሁሉ ወደዚህ ገልብጣው ነበር። ማንም አላዘዛትም፤ ስላላዘዟትም ማንም አያውቅላትም።

«ታዲያ ሰኪዋ!»

«ሰክቼ ነበር፤ አታየውም። ይች ኮምፒውተር ስትነሳ የሚሞሪዋን ቦታ ብቻ ነው የምታየው። እዚያ ምንም ካጣች ድርቅ ትላለች፤ ፍላሹ አጠገቧ ተሰክቶ እያለ። ከፍላሽ ተነሽ ብሎ የሚነግራት ያስፈልጋል። ይህን ለመንገር ደግሞ መጀመሪያ ሚሞሪ ያስፈልጋል። የማንም ትሁን፣ ባዶ ትሁን። ጥቂት ፋይልና አንድ መስመር ጽፌባት አንድ ጊዜ ካስነሳኋት በቃ፣ እስከ ዕድሜዋ ድረስ ከፍላሽ መነሳት ታውቃለች። ከዚያ ወዲያ አይፋቅም።»

ወርቄ አንድ ቦታ ብቻ እያዩ አጠገባቸው ያለውን ስለማያዩ ሰዎች አሰበች፤ በደባርቅ ብዙ ነበሩ፣ ደመወዝም ይከፈላቸዋል። «እርግጠኛ ነሽ?» አለች። «እርግጠኛ ነኝ።» «ብትበላሽስ?» «አትበላሽም።» «የዛሬው ሁሉ በላይሽ ላይ ቢወድቅስ?» «ከዚህ በላይ ምን ይወድቃል፣ እማ?» ወርቄ ወደ በሩ ዞረች። «ደግሞ የኛዋን ብታገኚያት ታውቂያታለሽ» አለች የትናየት ከኋላዋ፤ «በየት በኩል እንደምትገባ እንዳልስት ቀይ የጥፍር ቀለም ነጥቤባታለሁ።»

ወርቄ በዋናው መንገድ ወረደች። ፊደል ከቆጠረች ወዲህ መንገድ መሄድ ሥራ ሆኖባታል፤ የተጻፈ ሁሉ ይጠራታል። መጀመሪያ ላይ ጽሑፍ የተባለ ሁሉ ቁም ነገር ይመስላት ነበር፤ ይህን ያህል ዓመት የቀረብኝ ምን ይሆን እያለች ትብከነከን ነበር። ስታነበው ጊዜ ግማሹ «ዱቤ የለም» ነው፣ ግማሹ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው»፣ የቀረው ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ያለፈ ስብሰባ መፈክር። በፓርኩ ቢሮ በኩል አስጎብኚዎቹ ፈረንጅ እየጠበቁ በፀሐይ ተሰልፈዋል። ከአዲ አርቃይ የመጣ አይሱዙ ሽንኩርት እያወረደ ነው፤ ኪሎው መቶ አሥር ገብቷል፣ ሴቶቹ ሻጩን ሳይሆን ሽንኩርቱን ይሳደባሉ። ወርቄ ማንንም ሳትሳለም ወደ ገዱ ሱቅ ገባች።

ገዱ ስልክ ይጠግናል፣ መዝሙርና ዘፈን በሚሞሪ ይጭናል። መዝሙሩን በግራ፣ ዘፈኑን በቀኝ ማሽን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ደንበኛ እንዳያዝንበት።

«እትዬ ወርቄ፣ ዛሬ ምሩቅ አይደለሽ እንዴ? ቲሸርትሽስ?»

«ተወኝ እስቲ። ሚሞሪ ስጠኝ፣ ትንሿን።»

«አልቆብኛል። የመጨረሻዋን ትናንት በሰባት መቶ ሸጥሁ፤ ድሮ ሦስት መቶ የነበረችዋን። ከጎንደር እስኪመጣ የለም።» ፊቷን አየና አዘነላት። «ለምን ከወንድምሽ አትዋሽም? ማክሰኞ ደህናዋን ይዞ መጥቶ መዝሙር ጫንሁለት። መጀመሪያ ስልኩ አልቀበልም አለ፤ ውስጧ ያለው ለስልክ አይሆንም፣ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ ‘ጋሼ፣ ምን እንዳለባት እንይ’ ብለው፣ ‘ምን ይኖርባታል፣ ንካው’ አለኝ። ነካሁት።»

ወርቄ የባንኮኒውን ጠርዝ ያዘች። «ምን ትመስላለች?»

«ሚሞሪ ምን ይመስላል? ጥቁር ናት። አንድ ጥግ ላይ ቀይ ነጥብ አለባት።» ገዱ ሳቀ። «የሚስቱ የእየሩስ የጥፍር ቀለም ተንጠባጥቦባት ይሆናል ብየ ቀልጄበታለሁ።»

ሀብተ ሚካኤልን ያገኘችው በካናቴራና በአዲስ ሱሪ ሶፋው ላይ ተደላድሎ፣ ሚስቱ እየሩስ ኮቱን ስትተኩስለት ነበር። የክፍሉን ግድግዳ የምስክር ወረቀት ሞልቶታል፤ ሁለት ቀን ስለሠለጠነ የተሰጠው፣ ሦስት ቀን ስለሠለጠነ የተሰጠው፣ ስብሰባ ላይ ስለተገኘ የተሰጠው፣ ሁሉም መስታወት ገብቶላቸዋል። የእናታቸው ፎቶ ከነሱ በታች፣ ግማሹ በመጋረጃ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ይዘምራል። ወርቄ በሩ አጠገብ ካለችው ባለሦስት እግር ዱካ ላይ ተቀመጠች።  ካውያው በእርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያልፍ ትሽ ይላል። ይህን ወንድሟን ስድስት ዓመት እስኪሞላው በጀርባዋ አዝላዋለች። እሱ ትምህርት ቤት የገባ ዓመት እሷ ከብት ጠባቂ ሆነች፤ የሱ የምስክር ወረቀት ሁሉ ከዚያ ዓመት ይጀምራል።

«ጥሩ መዝሙር ነው» አለች በመጨረሻ።

«አዲስ ነው።»

«ከገዱ ነው?»

ሀብተ ሚካኤል የስልኩን ድምፅ ቀነሰ።

«ቀይ ነጥብ አለባት አሉ።»

ካውያው ቆመ። እየሩስ ባሏን አየችው፤ ባሏ የኮቱን እጅጌ አየ። «እኔስ ማክሰኞ ዕለት ስልኩ ምነው እንዲህ ብዙ መዝሙር ያዘ ብየ ነበር» አለች እየሩስ፣ ለማንም ሳይሆን ለኮቱ።

«አንች ዝም በይ!» ሀብተ ሚካኤል ተነሳ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። «እታለም፣ ማን ያውቃል? ጥፍር እኮ ናት! ንብረት ልቆጥር ገብቸ ከጎኗ ብቅ ብላ አየኋት። ትርፍ መሰለችኝ። በመዝገቡም ላይ የለችም፤ ስክሪን አንድ፣ ኮምፒውተር አንድ ነው የሚለው። በመዝገብ የሌለ ነገር ንብረት ነው ይባላል? ስልኬ ደግሞ ሞልቶ ነበር።»

«ልጄን ስትከስ ታውቅ ነበር?»

«ረቡዕ አላወቅሁም። ትናንት ነው የገባኝ።»

«ትናንት ከገባህ ዛሬ ጠዋት በስልክ የምትለው ምን ነበር?»

«ትናንትማ እሷን ተጠያቂ ያደረገው ደብዳቤ ወጥቶ ነበር!» አለ፣ ይህን የማይረዳ ሰው እንዳለ እየገረመው። «ቁጥር ወጥቶለት፣ ማኅተም ተመትቶበት። ማኅተም የተመታበትን ደብዳቤ እንዴት ብየ ልመልሰው?»

ለወርቄ የመጣላት ሁሉ ስድብ ነበር። እሱ ፊቷን ሲያይ ድምፁን አለሰለሰ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ነካ። ዛሬን ብቻ፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ ትታገሠው። በእንግዶች ፊት ከተዋረደ እንጀራው ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት። የዛሬውን ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው እሱ ራሱ ነው፤ የትናየትን ስም አጥርቶ፣ ጥፋት የለባትም ብሎ ይጽፋል፤ ማኅተምም ይመታበታል። «በናታችን! በሚካኤል!»

«ልጄን ከዚህ ካወጣሃት፣ እኔ የማወራው የለኝም» አለች ወርቄ።

ሚሞሪዋን ከስልኩ አውጥቶ በመዳፏ ላይ አስቀመጠ። ከበሩ ሳትወጣ ጠራት። «እታለም፣ መዝሙሩ ግን እንዳይጠፋ በያት። የእናታችን የተዝካር ፎቶም አለበት። ማታ መልሽልኝ።»

ወርቄ ዞር ብላ አየችው። ቀልዱን አልነበረም።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ የትናየት የቢሮውን አሮጌ ላፕቶፕ ከፍታ፣ ፋይሎቹን ገልብጣ፣ አንዷን መስመር ጻፈች። ሚሞሪዋን ስትቀበል ቀዩን ነጥብ አይታለች። «ከየት?» አለች። «ተገኘች» አለች እናቷ። የትናየት ከዚህ በላይ አልጠየቀችም፤ የግድግዳው ወዲህና ወዲያ ልጅ ሆና ያደገች ናትና ሁለተኛው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አልረሳችም። እንደገና ሁሉን መገልበጥ በዚህ ላፕቶፕ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ይህኛው መንገድ ግን የደቂቃዎች ነው። ሚሞሪዋን በቦታዋ አስገባች፣ መብራት ሰጠቻት። በኮምፒውተሯ ጎን ያለችው አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ አለች፣ ቆመች፣ እንደገና ብልጭ አለች። ወርቄ በስመ አብ ብላ እስክትጨርስ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። የትናየት መብራቱን ነቀለች፤ ሚሞሪዋን አውጥታ ለእናቷ ሰጠች፤ ፍላሹን ሰካች፤ መብራቱን መለሰች።

ምንም። ጥቁር ስክሪን። ወርቄ የልጇን ትከሻ ጨበጠች። «ቆይ እማ፣ ስትነሳ ዙሪያዋን ትፈልጋለች፤ ጊዜ ይወስዳል።» አሥር፣ አሥራ አምስት ቁጥር የሚያህል ስክሪኑ እንደጠቆረ ቆየ። ከዚያ ነጫጭ ፊደሎች እንደ ጉንዳን ስክሪኑን ወረሩት፤ ጠፉ፤ ከጥቁሩ ውስጥ ግድግዳ የምታክል ሀ ወጣች። «ሀ» አለች ኮምፒውተሯ በዚያ በለመዱት ድምፅ። ወርቄ ስምንት ወር አብራት የተማረችውን ፊደል እንደ አዲስ «ሀ» ብላ መለሰችላት፣ እንባዋም መጣ።

«እማ» አለች የትናየት ስክሪኑን እያየች፣ «አጎቴን አምነሽው ነው?»

«ምሎልኛል።»



እንግዶቹ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ደረሱ። ሪባኑ አንድ ጊዜ ተቆረጠ፤ ፎቶ አንሺው አልተዘጋጀሁም ስላለ ተቋጥሮ እንደገና ተቆረጠ። አቶ ልደቱ አርባ ደቂቃ ተናገረ። ቴክኖሎጂ ወደ ሕዝቡ እንዲወርድ ኮሚቴው እንቅልፍ አጥቶ መሥራቱን ገለጸ፤ ኮሚቴው ፊት ለፊት ተቀምጦ ያንቀላፋል። ሀብተ ሚካኤል በተተኮሰው ኮቱ ከስክሪኑ ጎን ቆሞ፣ ፊደል በተቀየረ ቁጥር እሱ እንዳዘዘው ሁሉ በእጁ ያሳያል። የትናየትን ማንም ወደ ፊት አልጠራትም፤ ከኋላ ቆማ የለስላሳ ሣጥን ትጠብቃለች። ዓርብ ስለሆነ የጾሙ ምግብ በላስቲክ ተሸፍኖ ተደርድሯል፤ የሰው ዓይን ሁሉ ወደዚያው ነው።

የቀረው ቃለ ጉባኤው ላይ መፈረም ብቻ ነበር። ኃላፊው ፈረመ፣ እንግዶቹ ፈረሙ፣ ንብረት ኃላፊው ፈረመ። «አሁን ደግሞ የተማሪዎቻችን ተወካይ!» አለ አቶ ልደቱ። «አምና በአውራ ጣቷ ትፈርም የነበረች እናት፣ ዛሬ በእስክሪብቶ!» ተጨበጨበ። ወርቄ ቲሸርቱን በቀሚሷ ላይ ደርባ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። መስመሯ ከታች ባዶ ትጠብቃታለች። እሷ ግን ጣቷን ከላይ አስቀመጠች።

«እታለም፣ ታች ነው» አለ ሀብተ ሚካኤል።

«አይቸዋለሁ።»

ጣቷ ይሄዳል፣ ከንፈሯ ይከተለዋል። እንግዶቹ ፈገግ አሉ። «ፈርሚ በቃ፣ ሰው ቆሟል፣ ምግቡም ቀዘቀዘ» አለ ወንድሟ። «ተዋት፣ ታንብብ!» አለ አቶ ልደቱ ደስ ብሎት። «ውጤታችን እኮ ይኸ ነው!» ስለዚህ ወርቄ አነበበች። አንደኛ እንግዶችን ማመስገን ነው። ሁለተኛ ኮሚቴውን ማመስገን ነው። ሦስተኛው ላይ ጣቷ ቀስ አለ። «በሠራተኛ የትናየት ፀጋው ከባድ ቸልተኝነት ጠፍቶ የነበረው የኮምፒውተር ሚሞሪ፣ በንብረት ኃላፊው በአቶ ሀብተ ሚካኤል ብርቱ ክትትል ተገኝቶ ማሽኑ ሥራ ጀምሯል። ሠራተኛዋ በክስ እንዳትጠየቅ በይቅርታ ታልፋ፣ ውሏ ግን እንዳይታደስ ተወስኗል።» ምናልባት ያላወቀችው ቃል ይኖር ይሆናል ብላ መልሳ አነበበችው። ሁሉንም ታውቃቸዋለች።

ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። እሱ ፎቶ አንሺውን ያያል።

እስክሪብቶውን አነሳች። ተወካይ የሚለው መስመር ላይ ጎንበስ ብላ፣ አጥብቃ ጨብጣ፣ አንድ ፊደል አስቀመጠች።  ፎቶ አንሺው ተንበርክኮ የእጇን ፎቶ ያነሳል። «ስሟን እየጻፈች ነው» አለ አቶ ልደቱ ለእንግዶቹ በሹክሹክታ፤ አንዷ እንግዳ ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች። ወርቄ ሁለተኛውን ጻፈች፣ ሦስተኛውን ጻፈች። ሀብተ ሚካኤል በትከሻዋ ላይ ቁልቁል ተመለከተ፤ «ሚሞሪዋን» ይላል። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። «የወሰዳት» ስትል እጁን ሰደደ። «እታለም፣ እጅሽ ደክሟል፣ ላግዝሽ—»

«አትንካት!» አለ አቶ ልደቱ፣ የሀብተ ሚካኤልን እጅ መታ እያደረገ። «ራሷ ትጨርሰው!»

ወርቄ «ወንድሜ ነው» ብላ ጨመረች፤ ፊደሎቿ ትልልቅ ስለሆኑ መስመሩ አልበቃትም፣ ወደ ሁለተኛው ወረደች። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ፎቶ አንሺው ከወለሉ ተነስቶ፣ «እማማ፣ አሁን ፊርማውን ካበቁ ቀና ይበሉ፣ ከወንድምዎ ጋር ላንሳችሁ» አላት።

«ቆይ የኔ ልጅ» አለች ወርቄ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ። «ገና ስሙን አልጻፍሁም።»